«ፍርሃቱ ያንቺ ጭንቅላት ውስጥ ነው» ለተባሉት ጠያቂ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «የምኖረው ትልቅ ከተማ ውስጥ ነው። ከሥራ የምወጣው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አካባቢ ነው። መጀመሪያ የምድር ውስጥ ባቡር፣ ከዚያ አውቶብስ እይዛለሁ። እስከ ዛሬ አንድም ነገር ደርሶብኝ አያውቅም። ግን በየምሽቱ ልቤ ትር ትር ይላል። ወንድሜ ‹ቁጥሩን እይ እንጂ! ባቡር ውስጥ ደህና ነሽ፤ ፍርሃቱ ያንቺ ጭንቅላት ውስጥ ነው› ይለኛል። እውነቱን ነው? ደግሞ የትኛው ፉርጎ ውስጥ ብቀመጥ ይሻላል?»

ከሁለተኛው ጥያቄ ብጀምር ደስ ባለኝ፤ ቀላሉ እሱ ነው። ግን የመጀመሪያው ሳይመለስ ሁለተኛው ትርጉም የለውም። ስለዚህ ፉርጎውን ለመጨረሻ ላቆየው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ወንድምዎ ስለ ቁጥሩ ብዙም አልተሳሳተም። ስለ ጭንቅላትዎ ግን ተሳስቷል።

ሥራዬ የትራንስፖርት ደህንነት ነው። ዓመታት ያሳለፍኩት ተሳፋሪ እየጠየቅሁና ጣቢያ ለጣቢያ እየዞርኩ ነው። «ምን ያህል ወንጀል ይፈጸማል?» እና «ሰው ምን ያህል ይፈራል?» ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። አንዱ ሲወርድ ሌላው ከነበረበት ንቅንቅ ላይል ይችላል። ፍርሃት የወንጀል ቆጠራ አይደለም። ተሳፋሪው በልቡ የሚጠይቀው «አሁን አንድ ነገር ቢፈጠር ማን አለልኝ?» ብሎ ነው። እርስዎም በየምሽቱ የሚጠይቁት ይህንኑ ይመስለኛል።

ቁጥሩን መጀመሪያ እንየው። መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ሰው ሄዶ ያመለከተው ብቻ ነው። ወንበር ሞልቶ ሳለ መጥቶ ከጎንዎ የሚለጠፈው ሰውዬ የት ይመዘገባል? አራት ጣቢያ ሙሉ ዐይኑን ያልነቀለብዎትስ? እርስዎ ሲወርዱ አብሮ ወርዶ፣ እርስዎ ቀስ ሲሉ ቀስ ያለው? የትም። «ምን አደረገሽ?» ቢሉዎት የሚመልሱት የለም። ገላዎ ግን ነገሩን መዝግቦታል። በማግስቱ ያው ሰዓት ሲደርስ ያስታውስዎታል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ። ልዩነቱ፣ እርስዎ እባቡ ሣር ውስጥ ሲሳብ ሰምተዋል እንጂ አልነደፈዎትም።

«ምንም ደርሶብኝ አያውቅም» ያሉትንም ለዚህ ነው ቆም ብዬ ያነበብኩት። በጥናት ወቅት ይህን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! «የሚለክፍዎት አለ?» ብለን ደግመን ስንጠይቅ «እሱማ ሁልጊዜ ነው» ይላሉ። ለከፋ እንደ ዝናብ ሆኗል። ማንም «ደረሰብኝ» ብሎ አይቆጥረውም።

አናስታሲያ ሉካይቱ-ሲደሪስ እና ቫኒያ ቼካቶ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው በ18 ከተሞች ያሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ስለዚህ ጠይቀዋል። ውጤቱ በ2020 ታተመ። ከተሞቹ በስድስት አህጉሮች የተበተኑ ናቸው። ሀብታሙም ድሃውም አለበት። በአብዛኞቹ ሴቶቹ ከወንዶቹ ይበልጥ ይተነኮሳሉ፤ ከተተነኮሱትም ብዙዎቹ ለማንም አላመለከቱም። ለንደን ይህን ዝምታ ለመስበር በ2015 ዘመቻ ጀመረች። መልእክቱ «አመልክቱ፣ ይቆማል» የሚል ነበር። ከዚያ በኋላ አቤቱታው ጨመረ። ልብ ይበሉ፣ ግቡም ይኸው ነበር። ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ሰው ግን «የለንደን ባቡር ባሰበት» ብሎ ይደመድማል። ወንድምዎ «ቁጥሩን እይ» ሲልዎት «የምን ቁጥር?» ብለው ይጠይቁት።

ባለሙያዎችን ለረጅም ጊዜ ያከራከረ አንድ ነገር አለ። በብዙ አገር በአደባባይ ተደብድቦ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው በብዛት ወጣት ወንድ ነው። በብዛት የሚፈሩት ግን ሴቶችና አዛውንቶች ናቸው። አንዳንዱ ይህን አይቶ «እንግዲህ ፍርሃቱ መሠረት የለውም» አለ። ኬነዝ ፌራሮ የተባለው አሜሪካዊ ሶሺዮሎጂስት በ1990ዎቹ ሌላ ማብራሪያ ይዞ መጣ። ለሴቶች የመደፈር ፍርሃት በሌላው ፍርሃት ሁሉ ላይ ጥላውን ይጥላል አለ። ቦርሳ የሚቀማ ሌባ ለወንድ ቦርሳ የሚቀማ ሌባ ነው። ለሴት ግን ነገሩ ቦርሳው ላይ ላያቆም ይችላል። እኔ በዚህ ላይ አንድ ተራ ነገር እጨምራለሁ። የፈራ ሰው ይጠነቀቃል። መንገድ ይቀይራል፣ በጊዜ ይገባል፣ ጭር ያለውን ጣቢያ ይዘላል። ያልወጣ ሰው አይዘረፍም። ከዚያ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተቆጥሮ «አየሽ፣ አደጋው ትንሽ ነው» ይባላል። ጥንቃቄው ያስከፈላትን የሚቆጥር የለም።

አሁን ደግሞ ወንድምዎን ትንሽ ልደግፈው። ፍርሃትዎ እውነተኛ ነው። ግን ሰዓትና ቦታ ይስታል።

ሰዎችን «መቼ ነው የምትፈሩት?» ብለው ቢጠይቁ በየከተማው ተመሳሳይ መልስ ያገኛሉ። ማታ፣ ፉርጎው ባዶ ሲሆን፣ ጣቢያው ጭር ሲል። «መቼ ነው የተነካካችሁት?» ካሉ ግን መልሱ ይገለበጣል። በጠራራ ፀሐይ፣ በግፊያ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ሲሄዱ። እጁን የሚሰድ ሰው የሚመቸው ግፊያው ነው። «ሰው ገፍቶኝ ነው» ማለት ይችላል። ኪስ አውላቂም እንደዚያው ነው፤ ጭር ያለ ቦታ አይወድም። ስልክ መንታፊ ደግሞ በሩ አጠገብ ቆሞ በሩ ሊዘጋ ሲል ነጥቆ ይወርዳል። ባዶ ፉርጎ ውስጥ የሚፈጠረው ነገር ቁጥሩ ያነሰ ነው፤ ከተፈጠረ ግን ከባድ ሊሆን ይችላል፣ የሚደርስልዎትም የለም። አእምሯችን የሚያሰላው ይህን ሁለተኛውን ነው። ስሌቱ ሞኝነት አይደለም። ግን ማታ ቦርሳውን እንደ ሕፃን አቅፎ የሚሄደው ሰው፣ ጠዋት በግፊያው ውስጥ ስልኩን ኋላ ኪሱ ከትቶ ሲቆም አያለሁ።

የቶኪዮ ባቡሮች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ከተማዋ በሰላማዊነቷ የታወቀች ናት። በጠዋቱ ግፊያ ውስጥ ግን ሴቶችን መነካካት የቆየ ችግር ነው፤ በጃፓንኛ ራሱን የቻለ ስም አለው፣ «ቺካን» ይሉታል። በ2000 መጨረሻ ኬዮ የተባለው መስመር ለሴቶች ብቻ የተለየ ፉርጎ መሞከር ጀመረ። በ2005 ሌሎች የከተማዋ መስመሮችም ተከተሉት። የቶኪዮ ፖሊስ ደግሞ አንድ የስልክ መተግበሪያ አለው። ሲነኩት «አቁም!» ብሎ ይጮኻል። ወይም ለጎረቤት ተሳፋሪ የሚያሳዩት «የሚነካካኝ ሰው አለ፣ እርዱኝ» የሚል ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ያወጣል። እኔ ይህን መሣሪያ ወድጄዋለሁ። ችግሩ ድፍረት ማጣት ብቻ እንዳልሆነ ገብቶታል። ሰው በዚያች ቅጽበት ድምፁ አይወጣለትም።

ለሴቶች የተለየ ፉርጎ በዴልሂ ሜትሮም (በከተማዋ ባቡር) አለ፤ ከ2010 ጀምሮ የባቡሩ የመጀመሪያው ፉርጎ የሴቶች ነው። በሜክሲኮ ሲቲና በካይሮም አለ። «ይጠቅማል ወይ?» ብለው ቢጠይቁኝ መልሴ «እዚያው ውስጥ እስካሉ ድረስ» ነው። የሚሳፈሩበት ሴቶች እፎይ እንደሚሉ ይናገራሉ፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ፉርጎው እስከ ቤት አይሸኝም። ደግሞ ሌላ ፉርጎ ውስጥ የገባችዋን «ለምን የራስሽ ቦታ አልሄድሽም?» የሚል አይጠፋም። እኔ እንደ ጊዜያዊ መጠለያ እቀበለዋለሁ፤ እንደ መፍትሔ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልግባ። ሰዎች ስለ ባቡር ፍርሃት ሲያወሩ ፉርጎውን ያስባሉ። ጉዞው ግን ፉርጎው ብቻ አይደለም። ከሥራ በር እስከ ጣቢያው በእግር ይኬዳል። ደረጃው አለ፣ መተላለፊያው አለ፣ መጠበቁ አለ። ከዚያ አውቶብስ መጠበቅ፣ ከአውቶብስ ወርዶ እስከ ቤት መራመድ። በሙያዬ ተሳፋሪን «በጣም የሚያስፈራህ የቱ ጋ ነው?» ብሎ መጠየቅ የተለመደ ነው። መልሱ በብዛት መጠበቁና መራመዱ ነው። ባቡሩ ሲመጣ እንዲያውም ብዙው ሰው ትንፋሹን ይለቃል። እርስዎም ነገ ማታ ልብዎ የት ጋ ትር ትር እንደሚል ይታዘቡ። ፉርጎው ውስጥ ካልሆነ፣ የትኛው ፉርጎ እንደሚሻል መጨነቁ ብዙም አይረዳዎትም።

ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ምንም ማድረግ አይችልም። መሄድ አይችልም፣ አውቶብሱ ያመልጠዋል። መቆምም ያስፈራዋል። የሚመጣበትን ሰዓት ካላወቀ ደግሞ ደቂቃው ይለጠጣል። ስለዚህ ነው «አውቶብሱ በ6 ደቂቃ ውስጥ ይደርሳል» የሚል ሰሌዳ ከብዙ ካሜራ ይልቅ ፍርሃትን ያቀላል የምለው። ደቂቃዋን ካወቁ ብርሃን ባለበት ቦታ ቆይተው በሰዓቱ ብቅ ይላሉ። መንግሥታት ይህን ሰሌዳ «የመረጃ አገልግሎት» ይሉታል። ለእኔ የደህንነት ዕቃ ነው።

ቀድሞ የጠቀስኳት ሉካይቱ-ሲደሪስ በ1990ዎቹ የሎስ አንጀለስን አሥር እጅግ አደገኛ የአውቶብስ ፌርማታዎች አጥንታ ነበር። አደገኛ የሆኑት እንዲሁ በአጋጣሚ አልነበረም። መጠጥ መሸጫ ወይም የተተወ ሕንፃ አጠገባቸው አለ። ጠባብ የጓሮ መንገድ አለ፤ ወንጀል አድራጊው እዚያ ገብቶ ይሰወራል። ፌርማታውን የሚያይ ሱቅም መስኮትም የለም። አንዳንዱን ፌርማታ በጥቂት ሜትሮች ማዛወር ብቻ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል። ከዚያ በኋላ ፌርማታ ባየሁ ቁጥር ዘወር ብዬ «ማን ነው የሚያየኝ?» የማለት ልማድ ይዞኛል። ቤተሰቤ ይስቅብኛል።

ካናዳ ውስጥ ሁለት ከተሞች ከዚህ አንጻር ብልህ ነገር ሠርተዋል። ቶሮንቶ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ሞንትሪያል ደግሞ በ1996፣ ሴቶች ማታ ማታ በሁለት ፌርማታ መካከል መውረድ እንዲችሉ ፈቀዱ። ሹፌሩን «እዚህ ጋ አውርደኝ» ማለት ነው፤ በቃ። ብዙ ወጪ የለውም፣ ፖሊስ አይጠይቅም። በጨለማ የሚራመዱትን መንገድ ያሳጥራል። ከምንም በላይ ደግሞ ከሹፌሩ ጋር ያነጋግራል። «ማን አለልኝ?» ለሚለው መልሱ እዚያው መሪው ላይ ተቀምጧል።

ሕንፃውም ይናገራል። በ1976 ሥራ የጀመረው የዋሽንግተን ሜትሮ ጣሪያው ከፍ ያለ ቅስት ነው። ምሰሶ አይበዛበትም። አንድ ጫፍ ቆመው ሌላውን ጫፍ ያያሉ። የሚደበቁበት ጥግ የለም። በ1990ዎቹ የተደረገ ጥናት በዚያ ሜትሮ የሚፈጸመው ወንጀል ከሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ሜትሮዎች ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። አሠራሩም፣ ጥበቃውም፣ ጥገናውም አብረው አስተዋጽኦ አድርገዋል። ጠመዝማዛ መተላለፊያ ያለው አሮጌ ጣቢያ ውስጥ ልብዎ ቢመታ እንግዲህ ዐይንዎ የታዘበው ነገር አለ። ኩርባው ወዲያ ማዶ ያለውን አያዩም።

«ሰው ገፍቶ ሐዲድ ላይ ቢጥለኝስ?» የሚል ስጋትም እሰማለሁ። በጣም የማይዘወተር ነገር ነው። ሲፈጠር ግን ዓለም ሁሉ ይሰማዋል። መፍትሔው ካለ ብዙ ጊዜ ሆኖታል፤ በመሳፈሪያው ጠርዝ ላይ ባቡሩ ሲቆም ብቻ የሚከፈት በር ማቆም ነው። ሌኒንግራድ (የዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ) በ1961፣ ሲንጋፖር በ1987 ጣቢያዎቻቸውን እንዲህ ሠርተዋል። እንዲህ ያለ በር በሌለበት ግን ጀርባን ለግድግዳ ሰጥቶ መቆም ነው። ባቡሩ ከቆመ በኋላ ወደፊት ይራመዳሉ። የሚያመልጥዎት ነገር የለም።

ካሜራና ፖሊስ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ፖለቲከኞች በቂ ያወራሉ። በስቶክሆልም ሜትሮ ካሜራ ከተተከለ በኋላ በመሀል ከተማ ጣቢያዎች ወንጀል ሩብ ያህል እንደቀነሰ አንድ ጥናት አሳይቷል። በዳር ጣቢያዎች ግን ለውጥ አልተገኘም። ከቀነሰውም ከፊሉ ወደ አካባቢው ሸሽቷል። ካሜራ ይሠራል፤ በተለይ የሚያየው ሰው ካለ። በሚያዝያ 2022 ኒው ዮርክ ባቡር ውስጥ 10 ሰዎች በጥይት ሲቆስሉ የጣቢያው ካሜራዎች እንደማይሠሩ ታወቀ። በ2024 ደግሞ የግዛቷ አስተዳዳሪ 750 የብሔራዊ ዘብ ወታደሮችን ወደ ጣቢያዎቹ ላኩ። አንዳንዱ ተሳፋሪ ተረጋጋ። አንዳንዱ «ወታደር ካስፈለገማ ነገሩ ከማስበው የባሰ ነው» አለ። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ። ጣቢያ ውስጥ የደንብ ልብስ የለበሰ፣ መንገድ የሚያሳይ፣ አሮጊት የሚደግፍ፣ ከተጠራ የሚመጣ አንድ ሠራተኛ ከአሥር መሣሪያ ታጣቂ ይበልጥ ያረጋጋኛል። የሚያሳዝነው፣ ወጪ ቅነሳ ሲመጣ በየከተማው መጀመሪያ የሚነሳው እሱ ነው። ማሽን ተተካ ይባላል። ማሽን ትኬት ይሸጣል። ሰው ሲጮህ ቀና ብሎ አያይም።

እዚህ ላይ ስለ ንጽሕና አንድ ነገር። የኒው ዮርክ ባቡሮች በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከላይ እስከ ታች በቀለም የተዘባረቁ ነበሩ። በ1984 የማጽዳት ዘመቻ ተጀመረ፤ በግንቦት 1989 የመጨረሻው የተቀባ ፉርጎ ከሥራ ወጣ። በ1990 ግን በዚያው የምድር ውስጥ ባቡር 26 ሰዎች ተገደሉ። ስለዚህ ቀለም በማጠብ ብቻ ነፍሰ ገዳይ አይጠፋም። ወንጀሉ የወረደው በቀጣዮቹ ዓመታት፣ በብዙ ምክንያት ነው። ንጹሕ ፉርጎ ለተሳፋሪው የሚነግረው ግን አለ፦ ይህ ነገር ባለቤት አለው። የተሰበረ መብራት፣ የሽንት ሽታ፣ ስድስት ወር ሙሉ «በጥገና ላይ» የሚል አሳንሰር ደግሞ ተቃራኒውን ይነግራል። ባለቤት የሌለው ቦታ ያስፈራል።

ዜናውስ? ባቡር ውስጥ የሚፈጠር ክፉ ነገር ዜና ይሆናል፤ በመኪና መንገድ ላይ የሚፈጠረው ግን ለመድነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ይህ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ያወጣው ቁጥር ነው። በአንጻሩ የቶኪዮው የ1995 የመርዝ ጋዝ ጥቃት፣ 52 ሰዎች ያለቁበት የለንደኑ የሐምሌ 2005 ፍንዳታ፣ እነዚህ ዛሬም ድረስ ይታወሳሉ። አሰቃቂ ስለሆኑ ነው፤ ብርቅ ስለሆኑም ነው። ገርድ ጊገረንዘር የተባለው ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ሊቅ፣ ከመስከረም 2001 ጥቃት በኋላ ብዙ አሜሪካውያን አውሮፕላን ፈርተው በመኪና መጓዝ እንደጀመሩ አሳይቷል። በዚያ ምክንያት በአንድ ዓመት ውስጥ 1,500 ያህል ተጨማሪ ሰዎች በመንገድ ላይ እንደሞቱ ገምቷል። ባቡሩን ፈርቶ በእኩለ ሌሊት ወደማይታወቅ ሰው መኪና ወይም ወደ ሞተር ሳይክል የሚሸሽ ሰው ይህን ቢያስብ ጥሩ ነው። እዚህ ላይ ወንድምዎ ትክክል ነው።

ፍርሃት ሌላም ጣጣ አለው። አንዱ ፈርቶ ሲቀር ፉርጎው በአንድ ሰው ይሳሳል። የሳሳው ፉርጎ ሌላውን ያስፈራል። በ2020 ወረርሽኙ ሲገባ የኒው ዮርክ ሜትሮ ተሳፋሪዎች ከ90 በመቶ በላይ ቀነሱ። ከግንቦት ጀምሮም ሌት ተቀን መሥራት ልማዱ የሆነው ባቡር ከሌሊቱ 7 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ይዘጋ ጀመር። ሰዎች ሲመለሱ «ባቡሩ ተለውጧል» አሉ። ከተለወጡት ነገሮች አንዱ የተሳፋሪው ብዛት ነበር። እርስዎ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ፉርጎ ውስጥ ሲገቡ፣ ጥግ ላይ ለተቀመጠችው ሌላ ሴት የደህንነቷ አካል ነዎት። እሷ ግን አትነግርዎትም።

ይህ ወደ ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ይወስደኛል። «ቢደርስብኝ ማንም ቀና ብሎ አያየኝም» የሚለውን እምነት ሳልነካው ማለፍ አልፈልግም፤ ከፍርሃቱ ግማሹ እሱ ነው። በ1969 የታተመ አንድ ታዋቂ ሙከራ የተካሄደው እዚያው ኒው ዮርክ ባቡር ውስጥ ነው። በ59ኛውና በ125ኛው መንገድ መካከል ባቡሩ ሳይቆም ሰባት ደቂቃ ተኩል ያህል ይሄድ ነበር። አንድ ወጣት በዚያ መሀል ሆን ብሎ ይወድቃል። ከዘራ ይዞ ሲወድቅ ከ65 ጊዜ በ62ቱ ሰው በራሱ ተነስቶ ረዳው። መጠጥ መጠጥ እየሸተተ፣ ጠርሙስ ይዞ ሲወድቅ ግን ከ38 ጊዜ በ19ኙ ብቻ። ፉርጎው ውስጥ ሰው ሲበዛ እርዳታው አልቀነሰም። በ2019 ደግሞ ተመራማሪዎች ከአምስተርዳም፣ ከላንካስተርና ከኬፕታውን የተገኙ 219 የአደባባይ ጠብ ቪዲዮዎችን ተመለከቱ። ከአሥሩ በዘጠኙ ቢያንስ አንድ ሰው ጣልቃ ገብቶ ለማብረድ ሞክሯል።

ከሙከራው የማገኘው ትምህርት «ሰው ደግ ነው» የሚል ብቻ አይደለም። ሰው የሚረዳው የገባውን ነው። ከዘራ ግልጽ ነው። ጸጥ ያለ ትንኮሳ ግን ለተመልካች አይገባውም። «ባልና ሚስት ይሆኑ?» እያለ ያመነታል። ስለዚህ አንድ ነገር ቢጀመርብዎት ነገሩን ግልጽ ያድርጉት። «ይህን ሰው አላውቀውም። እጅህን አንሳ!» ይበሉ፣ ጮክ ብለው። ከዚያ አንድ ሰው ይምረጡ፤ «እርስዎ፣ ሰማያዊ ጃኬት የለበሱት፣ ይምጡልኝ።» ለሁሉም የተጮኸ ጩኸት ለማንም አይደለም። ድምፅ ካልወጣልዎት ደግሞ ሄደው ከሰው አጠገብ መቀመጥም መናገር ነው። በሌላ ሰው ላይ ሲደርስ ካዩም ጀግና መሆን አይጠበቅብዎትም። ከተተነኮሰችው ሴት ጎን ተቀምጠው «ቀጣዩ ጣቢያ የቱ ነው?» ማለት ብዙ ጊዜ በቂ ነው። ተንኳሹ የሚፈልገው ብቻዋን መሆኗን ነው።

ፉርጎ መቀየር ደግሞ ይሉኝታ አያሻውም። ምክንያት ማቅረብ የለብዎትም። የማይመች ሰው ከገባ በሚቀጥለው ጣቢያ ወርደው በጎረቤቱ በር ይግቡ። የሚከተልዎት ከመሰለዎት ጭር ባለው ጣቢያዎ ላይ አይውረዱ፤ ሰው ያለበት ላይ ወርደው ሠራተኛ ይፈልጉ። አንድ ጆሮ ከጆሮ ማዳመጫ ነፃ ይሁን። ለማመልከት ሲፈልጉ ደግሞ ሰዓቱን፣ መስመሩንና የፉርጎውን ቁጥር ይያዙ። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ከጫፍ በሩ በላይ ተጽፎ ይገኛል። ለካሜራ ፍለጋ ከሰውየው መልክ ይልቅ ያ ቁጥር ይጠቅማል። «ትንሽ ነገር ነው» ብለው አይተዉት። በአንድ ሰው ላይ ሦስት ሰዎች ሲያመለክቱ ነው ነገሩ መልክ የሚይዘው።

ወንድምዎንም ሥራ ይስጡት። ከመከራከር ይልቅ ሦስት ምሽት ከአውቶብስ ፌርማታው ይቀበልዎት። ወይም ይበልጥ የሚሻለው፣ አንድ ምሽት አብሮዎት ይሂድና «እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ ነው የምፈራው» ብለው ያሳዩት። እኔ ይህን ከመሐንዲሶች ጋር አድርጌዋለሁ። ዓመታት የሠሩበትን ጣቢያ ያን ምሽት ገና አዩት።

ወደ ፉርጎው እንመለስ። ማታ ከሆነ ሰው ያለበት ፉርጎ ይሻላል፤ ሰካራም ቡድን ከሌለበት። ሁሉም ባዶ ከሆነ ሠራተኛ ያለበትን ይምረጡ። በብዙ ከተማ ይህ ማለት ነጂው ያለበት የመጀመሪያው ነው። ሁልጊዜ ግን አይደለም። በኒው ዮርክ ለምሳሌ በር የሚከፍትና የሚዘጋው ሠራተኛ ባቡሩ መሀል ነው ያለው። በመሳፈሪያውም ላይ ለሌሊት ተሳፋሪዎች የት እንደሚጠብቁ የሚያሳይ ቢጫ ምልክት አለ። የእርስዎ ባቡር ሠራተኛው የት እንደሆነ በአንድ ምሽት ያውቃሉ፤ ሲቆም በመስኮት ብቅ የሚለውን ይፈልጉ። ሁለት ፉርጎዎች እኩል ከሆኑብዎት ደግሞ በሚወርዱበት ጣቢያ መውጫው ፊት ለፊት የሚቆመውን ይያዙ። መሳፈሪያውን ብቻዎን ከዳር እስከ ዳር ከመሄድ ያድናል። አውቶብሱ ላይ ከሹፌሩ ጀርባ ሳይሆን በመስታወቱ ውስጥ ሊያይዎት የሚችልበት ወንበር ላይ ይቀመጡ። ሲገቡም ሰላም ይበሉት።